«ይቀመጡ» እያሉ ቆመው የኖሩት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን በ1957 ዓ.ም. ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር እስከ ሁለተኛ ደረጃ አጠናቀው፣ በ1977 ዓ.ም. ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ተቀጠሩ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ከዚያ ባንኮኒ ኋላ አልተነቃነቁም። አልተነቃነቁም ስንል ቆመው ነው።

ሻንጣውን እየጎተተ የገባውን ሁሉ «ደክመዋል፣ ይቀመጡ» ብለው ነበር የሚቀበሉት። ባልደረቦቻቸውም «እትዬ ይቀመጡ» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙ ለቀልድ የወጣ ነው፤ ከባንኮኒው ኋላ ግን አንድም ወንበር አልነበረም። ተቀምጦ እንግዳ መቀበል ነውር ነው ተብሎ! ለእንግዳ መነሳት ወግ መሆኑን እኛም እናውቃለን። ነገር ግን መነሳት የሚችለው ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው።

በ1981 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ወጥተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ነፍሳቸውን ይማርና፣ «እኔ ተቀምጬ እሷ ቆማ እንውላለን፤ ሁለታችን ብንደመር አንድ ጤነኛ ሰው ይወጣናል» እያሉ ያስቁን ነበር።

የእህታችን እግር ማበጥ ሲጀምር ሐኪሙ በሥራ ላይ እንዲቀመጡ አዘዛቸው። አባታችን በስተርጅና ለባንኮኒው ልክ የሚሆን በርጩማ ሠሩላቸው። ሥራ አስኪያጁ ገና ሲያየው፣ ያውም በእንግዳ ፊት፣ «ምን ልትሆኚ ነው፣ ዳኛ?» አላቸው። በርጩማው ዕቃ ቤት ተወረወረ። የእሳቸውን መልስ የሰማነው እኛ ብቻ ነን። ቤት ገብተው፣ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ «ዳኛ ብሆንማ መጀመሪያ የማቆመው እሱን ነበር» አሉ። ሳቅን። በማግስቱም ሄደው ቆሙ።

የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአንድ እንግዳ ቁልፍ እያቀበሉ ሳለ ወደቁ። እግራቸው ላይ የረጋው ደም ሳንባቸው ገብቶ፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ፣ በ58 ዓመታቸው አረፉ። «ድንገተኛ ሞት» የሚል ሰው ካለ እኛ ፊት አይበል። ሞታቸው ዓመታት ሙሉ በዓይናችን ፊት ከቁርጭምጭሚታቸው ወደ ላይ ሲወጣ አይተነዋል።

ልጃቸው ሆቴሉ ሄዳ የአያቷን በርጩማ ብትጠይቅ «የለም» ተባለች። እናቷ የቆሙበት ቦታ ላይ ሌላ ወጣት ሴት ቆማለች። እሷም ወንበር የላትም።

ሆቴሉ ትናንት ለለቅሶው ብሎ አንድ መኪና ሙሉ ወንበር ላከልን። ለእሳቸው አንድ ያጣ ቤት! እንዳለ መልሰነዋል። ዛሬ ቆማችሁ የምታደምጡን ወንበር ጠፍቶ አይደለምና፣ እግራችሁን ሲቆረጥማችሁ እሳቸውን አስቧቸው።

እህታችን አንዲት ልጃቸውንና ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደጁ ላይ አያቁማት፤ «ደክመሻል፣ ተቀመጪ» ብሎ ይቀበላቸው።