የእውነት ሰዓት ደብተር

ሰኞ፣ ጥር 16፤ ጧት 3 ሰዓት
መሪጌታ ስሜነህ የክፍላቸውን የግብረ ገብ ደብተር ለጣሊያኑ የት/ቤት ሹም ሲሰጡት በመስኮት አየሁ። አስተርጓሚው ገጹን በጣቱ ያሳየዋል። ደወል ተደወለ። ገብቼ ሒሳብ አስተማርኩ።

ያው ሰኞ፣ ማታ 12 ሰዓት
የዘነበችን አባት ጣሊያኖች ወሰዱት። አርበኛ ነው፤ እግሩ ቆስሎ ቤቱ ተኝቶ ነበር። ዘነበች አሥር ዓመቷ ነው። ዓርብ ለት በእውነት ሰዓት ተነሥታ አባቴ ከጫካ መጣ፣ ጺሙ አድጓል ብላለች። መሪጌታ ጽፈውታል።
ማስታወሻዬ፣ የእውነት ሰዓት የኔ ሥራ ነው። አ.አ. ተምሬ ስመለስ ስድስቱን መምህራን እንዳስተባብር ተሾምኩ። በየቀኑ አንድ ልጅ አንድ እውነት ይናገር፣ መምህሩ ሳይዘል ይጻፍ አልኩ።
አላለቀስኩም።

ረቡዕ፣ ጥር 18
መሪጌታን ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ አንዲት ቃል እንዳትዘሉ ያልሽው አንቺው አይደለሽ? ሹሙ አምጣ ብሎ አዘዘኝ፣ ሰጠሁ።" እጄን አየሁት። ጠመኔ አለበት።
ከሰዓት ሹሙ መምህራኑን ሰብስቦ በአስተርጓሚ አመሰገነኝ። ጥሩ ዘዴ ነው አለ። ከሰኞ ጀምሮ የሁሉም ክፍል ደብተር በኔ በኩል እንዲቀርብለት አዘዘ። ሁሉም ወለሉን ያያሉ።

ዓርብ፣ ጥር 20
ምንጭ ወረድኩ። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። "ዝም በሉ እናንተ፣ ደብተሯን ይዛ ይሆናል" አለች አንዷ። ሳቁ። ውሃዬን ቀድቼ ተመለስኩ። ምንም አልተሰማኝም።

እሑድ፣ ጥር 22
የዘነበች እናት ደጄ ቆመች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ልጅቷ ከሰኞ ወዲህ ቃል አልወጣትም። "ጥፋቱ ያንቺ አይደለም በያት። እኔን አልሰማ ብላለች። አንቺን ታምናለች።"
ታምነኛለች!
ሄድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። ዘነበች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እዚያው ተቀመጥኩ።

ሰኞ፣ ጥር 23፤ ጧት 1 ሰዓት
መምህራኑን ከደወል በፊት ጠራኋቸው። ልጅ ስለ ቤቱ የሚያወራው አይጠየቅም፣ አይጻፍም አልኩ። ግብረ ገብ ከኛ ይጀምራል። ደብተራችሁን እሳት ውስጥ ክተቱ። አምስቱ ከተቱ። መሪጌታ ግን፣ ሹሙ ሲጠይቅስ? አሉ። እኔን ይጠይቅ አልኩ። ከዚያ ሹሙ አይቶ የመለሰላቸውን የራሳቸውንም ደብተር ጣሉት።
አስተርጓሚው ግቢውን አቋርጦ እየመጣ ነው። ቶሎ ልጻፍ። ከእንግዲህ "ታዝዤ ነው" የሚል ቃል ከማንም መምህር አልቀበልም፤ ከራሴም