የተዋስናቸው ዶሮዎች

ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደ ደንቡ «ጤናሽ እንዴት ነው?» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን እጅሽን የፈላ ዘይት እንዳቃጠለው፣ አሠሪሽም በዚያው እጅሽ እንደምታሠራሽ ነግረሽኛል። «ልምጣ ወይ?» ስትዪኝ «ነይ፤ የእርዳታው ዱቄት አለ፣ ዶሮዎቹም ይጥላሉ፣ ላንቺ የሚሆን አናጣም» አልኩሽ። ያን ጊዜ እውነቴን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገብቶ የእርዳታ ድርጅቱ ለየቤቱ ያደላቸውን ዶሮዎች ፈጃቸው። የእኛማ አንድም አልተረፈ። ሰሞኑን የድርጅቱ ሰው ሊጎበኘን ይመጣል ተባለ። ሞቱ ብንለው «አያያዝ አያውቁም» ብሎ ከእርዳታው እንዳይሰርዘን ፈራን። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መቼም መላ አታጣም፤ ከመንደሩ የተረፉትን ለቃቅማ ዘንቢል ውስጥ ከተተቻቸው። ሰውየው በፊት በር ሲወጣ፣ ዶሮዎቹ በጓሮ ዞረው የሚቀጥለው ቤት ይቀድሙታል። እኛ ቤት ሲደርስ አንገተ መላጣዋን ትክ ብሎ አያት።

«ይቺን ዶሮ የሆነ ቦታ አይቻታለሁ ልበል?»

«እህቷን ይሆናላ!» አለችው ልብስ ሰፊዋ፣ ፍንክች ሳትል።

ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ።

በኋላ ሰበሰበንና አጨበጨበልን። «በርቱ! አሁንማ ራሳችሁን ችላችኋል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ዱቄቱ ከእናንተ ለባሰባቸው ይሄዳል» አለ። ደግ ሰው ነው፣ ከልቡ ደስ ብሎት ነበር። «ኧረ ዶሮዎቹ የውሰት ናቸው» የሚል ሰው ጠፋ። በማግስቱ ቢሮው ሄጄ እውነቱን ልናገር ስነሳ፣ ጎረቤቶቼ «ሁላችንንም ልታስከስሺን ነው?» ብለው ከመንገድ መለሱኝ።

እስካሁን አላለቀስኩም። ሰውነቴ የሌላ ሰው ሆኖብኛል። እሳት አነዳለሁ፣ ታናሽሽን ትምህርት ቤት እሸኛለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አንገተ መላጣዋ እኛ ቤት በቆየችባት በዚያች ደቂቃ እንቁላል ጥላልን ሄዳለች። ጎረቤቶች የማን ነው ሲባባሉ ታናሽሽ በላችው።

በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ አቃተኝ። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ አንቺ ወዳለሽበት አገር ለሥራ በምትመጣው በሹፌሩ ልጅ እጅ የላክሁልሽ። ለአንቺ ያነጠፍኩትን አልጋ አንስቼዋለሁ። ትንሽ ታገሺ፣ ልጄ። ሴትየዋ ብትቆጣም መልስ አትስጫት። እጅሽን ደግሞ እስኪድን ውሃ አታስነኪው።

ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ እጅ ይሰውርሽ። ያገሩን ሰው ልብ ያራራልሽ።

ራሷን ችላለች የተባለችው
እናትሽ