አብረን ልንገባበት የነበረው የአዋሽ በር

ግርማዬ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ በወጉ መጀመር ነበረብኝ። ግን ተናድጃለሁ። ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዱ ደግሞ አንተው ነህና ሰላምታዬን ከነንዴቴ ተቀበለኝ። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ተመልሶ፣ ሰዉ ነጭ ልብሱን አጥቦ ሳያስቀምጥ ነበር ጥለኸኝ የሄድከው። ጥቁሩን እስካሁን አላወለቅኩም። ወደ ጅቡቲ የሚወጡት ተሳቢዎች ዛሬም ጠዋት ጠዋት ከቤታችን ጀርባ ጡሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ፤ እኔም ሞኟ የአንተ መኪና ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቆማለሁ።

መኪናውን ባለቤቱ ለሌላ ሹፌር ሰጥቶታል። ልጃችን ሜሮን ሥራ ይዛለች፤ ጠዋት በአንተ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቁርሷን ትበላለች፣ እኔም ዝም እላታለሁ። «ይህቺ እንኳ መካን ናት» እያልክ ስታማት የኖርካት የጓሮ ሎሚ ዘንድሮ አፈራች። ምነው አንድ ዓመት ብትታገሳት! ጎረቤቱ ሁሉ ቀጠፈ፣ አንተ ብቻ ቀረህ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። አዋሽ ልሄድ ነው። አዎ፣ አዋሽ ፓርክ፣ ያ ከተጋባን ጀምሮ ስትነግረኝ የኖርከው ገደል። ከጅቡቲ በተመለስክ ቁጥር እግርህን እያጠብክ የምትተርክልኝን ረስተኸው እንደሁ ላስታውስህ። ሜዳው ቢጫ ሣርና እሾህ ብቻ ነው ትለኝ ነበር። ሳላዎቹ ቀንዳቸውን እንደ ጦር አቁመው መኪና ሲያልፍ ቀና ብለው ያያሉ። ከዚያ መሬቱ ሳይታሰብ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ወንዙ ከላይ ተወርውሮ እዚያ ጥልቅ ውስጥ ይወድቃል፣ የውሃው ድምፅ ደረት ውስጥ ይገባል። «አንድ ቀን በጋቢና አስቀምጬ እወስድሻለሁ» ትለኝ ነበር። እኔም አምንሃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ስትናገር ያምርብሃል።

አንድ ቀን ግን አልመጣም። በመጀመሪያ ሜሮን ትወለድ አልክ። ተወለደች። ከዚያ ትደግ አልክ፣ ክረምቱ ይውጣ አልክ፣ ጾሙ ይፈታ፣ ጎማው ይቀየር፣ ሙቀቱ ይብረድ። ኧረ ለመሆኑ አዋሽ ላይ ሙቀት የሚበርደው መቼ ነው? ያ የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ እኛ ቤት የተሰማ ጊዜ እንኳን፣ ራት ላይ ብርጭቆዎቹ ሲንጫጩ እኔ ማርያም ማርያም ስል አንተ ሳቅህ። «ፈንታሌ ተራራ ናልኝ እያለ ነው፣ ዘንድሮስ እንሄዳለን» አልክ። ዘንድሮው አልፎ ሌላ ዘንድሮ መጣ።

የአቃቂ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንቆም የምትለኝም ትዝ ይለኛል። «ይሄ ውሃ አዋሽ ነው የሚገባው፣ ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል» ትል ነበር። እሰይ! ያ የፋብሪካ እጣቢ የተሸከመ፣ አፍንጫ ይዘን የምንሻገረው ውሃ እንኳን ገደሉን አይቶታል። እኔ የሹፌር ሚስት ከቢሾፍቱ አላለፍኩም።

ባለፈው እሑድ ጋሽ በላቸው መጡ። አንተ በሕይወት ሳለህ ታላቅ ወንድምህ ከሳሪስ እኛ ቤት ለመምጣት መንገዱ እንዴት ይርቃቸው እንደነበር ታውቃለህ። ከሞትክ ወዲህ ግን ቀርቦላቸዋል። ተቀመጡና ሙት ዓመትህ እንዴት እንደሚወጣ ነገሩኝ። ልብ በል፣ ነገሩኝ እንጂ አልጠየቁኝም። የእድሩን ድንኳን አስይዘዋል፣ በሬው ታይቷል፣ ከአገር ቤት የሚመጡትም ተጠርተዋል። እኔ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ይደረጋል፣ ዳቦውንና ጠላውን ለነዳያን አድላለሁ፣ እሑድ ግን አዋሽ እሄዳለሁ አልኳቸው። ብርጭቋቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። «ጥቁር የለበሰች ሴት ሽርሽር ትሄዳለች? የግርማን ስም ልታስጠሪ ነው?» አሉኝ። ለቀባሪው አረዱት! የአንተን ሐዘን ለእኔ ሊያስተምሩኝ! ሆስፒታል አልጋ ላይ እጅህን ይዤ የነበርኩት እኔ፣ ልብስህን አጥቤ ያጣጠፍኩት እኔ፣ አሁን ሐዘን በድንኳን ስፋት ይለካል ይሉኛል።

እኔ ጸሎቱን አልነካሁም፣ ግርማዬ። ነፍስህን አልረሳሁም። ያልፈለግኩት ድንኳን ሥር ተቀምጬ፣ ሥጋው ጠነከረ ቀይ ወጡ ቀጠነ እየተባለ፣ አንተን ያላወቁህ ሰዎች በስምህ ሲጠግቡ ማየት ነው። ይህን ስነግራቸው የሰው አፍ አሉኝ። የሰው አፍ! የሰው አፍ አብልቶኝ ያውቃል?

ሜሮን እንኳን መጀመሪያ አልደገፈችኝም። «እማዬ፣ መዝናናት ካማረሽ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቅርብ ነው፣ ገደል ለማየት ማን ያን ያህል ይሄዳል?» አለችኝ። የአንተ ልጅ ናት እንዲህ የምትለው! ሐይቁ ለአሳ ጥብስ ነው፣ እኔ የፈለግኩት አባትሽ ያለኝን ነው ብዬ ጮህኩባት። ጮኼባት አላውቅም ነበር። ስልኳን አወጣችና መንገዱን መፈለግ ጀመረች። ፓርኩ ውስጥ በእግር መሄድ እንደማይፈቀድ፣ አውሬ ስላለ መኪና እንደሚያስፈልግ፣ ጠዋት በጊዜ ካልተገባ ሙቀቱ እንደሚያቃጥል ያነበበችልኝ እሷ ናት። የሆዴ ፍሬ ናትና ይቅር ብያታለሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን የሰፈሩ ነገር ነው። ስማኝማ። ሜሮን ሱቅ ስትሄድ ፓርኩ ውስጥ ፍልውሃም አለ ብላ ታወራለች። ያቺን ቃል እትዬ ዘነበች ትሰማለች። የግድግዳ ጎረቤታችንን እንደምታውቃት ነው፣ ሬዲዮ አያስፈልጋትም። በማግስቱ አስቴር ጸበል ልትሄድ ነው ተብሎ ሰፈሩ ተሰማ። ፍልውሃ ካለ ጸበል ነው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ከጸበል ሌላ የት ትሄዳለች! ሴቶቹ አንድ በአንድ ጄሪካን እያንጠለጠሉ መጡ። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ የዘይት ባዶ፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ። አንዷ ላበጠ እግሯ፣ አንዷ ለማይተኛ ባሏ፣ አንዷ ለልጇ ፈተና። እንዳይቀያየር ብለው አንዷ ቀይ ክር አስራበት፣ ሌላዋ በከሰል መስቀል ሥላበት ሄደች። በረንዳው የውሃ ወረፋ መሰለ። ጋሽ በላቸውም ወሬው ደርሷቸው ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው ማር ሆኖ «ለጸበል ከሆነማ ማን ይከለክልሻል፣ ሙት ዓመቱን አውጥተን በሌላ ሳምንት ትሄጃለሽ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ዝም ብል እኮ መንገዱ ተከፍቶልኝ ነበር። ጄሪካን ሞልቼ፣ ተመርቄ፣ ተሳልሜ እመለስ ነበር። ለእግሬ ሲሆን ይፈቀዳል፣ ለዓይኔ ሲሆን ነውር! አንዲት ሴት ካልታመመች በቀር ከቤቷ መውጣት አትችልም? ጸበልን አከብራለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። ስለማከብረው ነው ስሙን ለውሸት ያላዋልኩት። ጄሪካኖቹን አንጠልጥዬ ቤት ለቤት ዞርኩ። ጸበል አይደለም የምሄደው፣ ባሌ ላሳይሽ ያለኝን ገደል ለማየት ነው የምሄደው እያልኩ መለስኩላቸው። አንዳንዷ አማተበች። አንዳንዷ ሐዘኑ ራሷ ላይ ወጥቶ ነው አለች፣ ጀርባዬን ሳልሰጥ። እትዬ ዘነበች ጄሪካኗን ተቀብላኝ ምንም ሳትል በሯን ዘጋችው። የሰፈሩ ሬዲዮ ተዘጋ አልኩ በልቤ።

መኪናውን ለማግኘት ከአንተ ጋር በአንድ መስመር ሲነዳ የኖረውን ጓደኛህን ተፈራን አስጠራሁት። አጎቱ ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለው፣ እኔው እነዳላችኋለሁ አለኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ከዚያ መንገዱን እያወራን፣ ፏፏቴው ጋ የትኛው በኩል ብንቆም ይሻላል፣ ግርማ በግራ በኩል ነው የሚያምረው ይል ነበር አልኩት። ተፈራ አየኝና ፈገግ አለ። «ግርማ እኮ ገብቶ አያውቅም» አለኝ።

ግርማዬ፣ መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ነገረኝ። ጭነት ተይዞባችሁ አዋሽ ከተማ ስትውሉ ሌሎቹ ሹፌሮች መኪና ተከራይተው ይገቡ ነበር አለኝ። አንተ እስከ በሩ ትሸኛቸውና እዚያ ግራር ሥር ከጥበቃው ጋር ሻይ እየጠጣህ ትጠብቃቸው ነበር። ና ሲሉህ «ያለ አስቴር አልገባም» ትል ነበር። ሲመለሱ ግን አታስቀምጣቸውም፤ ውሃው እንዴት ይጮሃል፣ ገደሉ ምን ያህል ይሰፋል፣ አዞው የት ተኝቶ ነበር፣ በየትኛው በኩል ቢቆሙ ያምራል እያልክ በጥያቄ ታደርቃቸዋለህ። ያንን ነው እንግዲህ እግርህን እያጠብክ ስትተርክልኝ የኖርከው።

እዚያው ተፈራ ፊት ጮህኩ። ማን ጠብቅ አለህ? ማን ነው እንዲህ ያለህ? በሩ ላይ ደርሰህ፣ ስንት ዓመት ሙሉ እየተመላለስክ፣ አንድ ጊዜ እንኳን ዓይንህ ሳያየው! ገብተህ ቢሆን እኮ ከሁለታችን አንዳችን አይተነው ነበር። አሁን እኔም አላየሁ፣ አንተም አላየህ። ከእኔ ጋር ነው ማየት ካልክ ደግሞ ምነው አልወሰድከኝ? አንድ እሑድ፣ አንዲት እሑድ! ተፈራ ምስኪኑ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋበት፣ ውሃ አምጡላት ይል ጀመር። እኔ ውሃ አልፈለግኩም። አንተን ነበር የፈለግኩት፣ ሁለቱን ትከሻህን ይዤ ልነቀንቅህ፣ ከዚያ ልስምህ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች ናት፣ ጄሪካን አልያዘችም። ለኩርፊያ የመጣች መስሎኝ ፊቴን አከበድኩ። በረንዳው ላይ ቁጭ አለችና ባሏን አነሳችልኝ፤ ያ በድሮው ባቡር ላይ ዕድሜውን የጨረሰው፣ እኛ ሰፈር ሳንገባ የሞተው። አዋሽ ጣቢያ ስለሚሸጠው ነገር፣ ከድልድዩ ላይ ስለሚታየው ጥልቀት እያወራላት ነው አሉ የኖረው። የቤተሰብ ትኬት ነበረው፣ በነጻ መሄድ ትችል ነበር። ልጅ ይደግ፣ ክረምት ይውጣ ተባለች። እሷም እንደኔው! ጄሪካኑን ስመልስላት በሯን የዘጋችብኝ ተቀይማ ሳይሆን ልታለቅስ ኖሯል። አንገቷን ሰብራ «መኪናው ውስጥ ቦታ ይኖር ይሆን?» አለችኝ። አለ አልኳት። የሰው አፍስ ስላት «የሰፈሩ አፍ እኔ አይደለሁ እንዴ፣ እኔ ከሄድኩ ማን ያወራል» ብላ ሳቀች። ሳቋ የልጃገረድ ሳቅ ነበር።

እንግዲህ ተወስኗል። ቅዳሜ ጸሎትህ ይደረጋል። እሑድ ጎህ ሲቀድ ከቃሊቲ እንነሳለን። ጋሽ በላቸው ድንኳኑን አልተውም ብለዋል፤ ካስተከሉ ከሥሩ ይቀመጡ፣ ለሚጠይቃቸው ሁሉ የግርማ ሚስት የት እንደሄደች ይንገሩልኝ። ጥቁሩን ቅዳሜ አወልቃለሁ። እሑድ የምለብሰው ያንን ከድሬዳዋ ያመጣህልኝን ብርቱካናማ ሻሽ ነው፤ ሳላዎቹም ቀና ብለው ይዩኝ።

አልረሳህም። ይህንንማ ለሞተ ሰው ሁሉም ይላል፣ ስለዚህ እንዴት እንደማልረሳህ ልንገርህ። በሩ ጋ ስንደርስ ተፈራን አቁም እለዋለሁ። ወርጄ፣ አንተ ሻይህን ይዘህ የሰው መመለስ ስትጠብቅበት የነበረው ግራር ሥር እቆማለሁ። ንዴቴን እዚያው አራግፈዋለሁ፣ ሁሉንም ባይሆን ግማሹን። ከዚያ ስምህን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ ጥበቃው አብዳለች ይበል። ያለ እኔ አልገባም ብለህ በሩ ላይ ቀርተሃል። ተነስ እንግዲህ፣ እኔም ያለ አንተ አልገባም።

አስቴርህ