የአባባ ጉልበትና የላዝጊ ጣጣ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለሻናዛር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ወገቤን ያመኛል ያልከው ተሻለህ ወይስ እንደ አባትህ ደብቀኸው ትሠራለህ? የመርከቡ ቀለም ሽታ ሳንባህን እንዳይጎዳው አፍና አፍንጫህን ሸፍን ብዬህ ነበር፤ ትሸፍናለህ? የምትበላውስ? እዚያ ያለው ሩዝ ሥጋም ካሮትም የለውም እያልክ የሳቅህ ዕለት፣ ሚስትህ ጉላይም ስልኩ እንደተዘጋ ወጥ ቤት ገብታ አልቅሳለች። እሷ አትነግርህም፤ ስለዚህ እኔ ነገርኩህ። እኛ አላህ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ላሟ ጥጃ ወልዳለች፣ ሐብሐቡ ዘንድሮ ስኳር ሆኗል፣ ያዘነበለውን የበረቱን ግድግዳም ልጅህ ኡሚድ አፍርሶ ሠርቶታል። ደህና ነን ስል ግን የአባባ ጉልበት ሲቀር ነው።

ይህን በስልክ ለምን እንደማልነግርህ ታውቃለህ። ስልክ ሲጮህ አባባ ከጓሮ ሆነው ይሰሙታል። በአዘቦቱ ከፍራሽ ለመነሳት ግድግዳ የሚይዙት ሰውዬ ያን ጊዜ እየሮጡ መጥተው ከእጄ ይነጥቁኛል፤ «ልጄ፣ እኔ እንደ ብረት ነኝ፤ እህትህ ዝም ብላ ነው የምታካብደው» ይሉሃል። አንተም አምነህ ትዘጋለህ። አሁን የጎረቤታችን የኦላበርጋን አማች ለሥራ ወደናንተ ስለሚበር ይህን ወረቀት በኪሱ ከትቼለታለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድም ከንዴት ነው እንጂ ከእርጅና አይደለም።

ነገሩ የጀመረው በፀደይ ነው። ያኔ «ኡሚድን ጥጡ ከተለቀመ በኋላ እንዳረው፤ እኔም መጥቼ አባባ በልጄ ሰርግ ላዝጊ ሲጨፍሩ አያለሁ» ብለህ ነበር። አንተ ረስተኸው ይሆናል፤ እሳቸው አልረሱትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረምሳ ሆኑ። ትልቁን የበግ ፀጉር ቆብ ከሳጥን አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡት። በወጣትነታቸው በኾንቃ ዙሪያ እሳቸው ያልጨፈሩበት ሰርግ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ አሁን ግን ሰባውን አልፈዋል። ይህን ማን ይንገራቸው? ከበረቱ ጀርባ ሆነው ተንበርክኮ መነሳቱን፣ ቁጢጥ ብሎ መሽከርከሩን ይለማመዱ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የቀኝ ጉልበታቸው ሎሚ ዙሪያውን ይወጋቸው ጀመር። ደረጃ ሲወርዱ፣ ከምንጣፍ ሲነሱ፣ ለሶላት ሲንበረከኩ ፊታቸው ጭምድድ ይላል። «አባባ፣ ምን ሆኑ?» ስላቸው «ቁንጫ ነው» ይሉኛል። ደረጃ ላይ ብቻ የሚናከስ ቁንጫ እኔ አይቼ አላውቅም።

ከዚያማ መንደሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ መጥቶ የበግ ላት እሰሩበት አለ፤ አሰርን፤ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ቤታችን ገብቶ አደረ። ሌላው ትኩስ አሸዋ ውስጥ ይቀበሩ አለ፤ ኡሚድ ወደ በረሃው ወስዶ እስከ ወገባቸው ቀበራቸው፤ ሲመለሱ ቆዳቸው ቀልቷል፣ ጉልበታቸው ግን ያው ነው። አንተስ? አንተማ ከዚያ ማዶ ሆነህ ፊልም ላክህ! ጡንቻቸው የተወጠረ ጎረምሶች በአንድ እግራቸው ቁጢጥ ብለው ሲነሱ። «ለጉልበት ፍቱን ነው» ብለህ ከሥሩ ጻፍህበት። ለማን ጉልበት? አባባ ያንን አይተው በአንድ እግር ቁጢጥ አሉ፤ እዚያው ቀሩ። ብብታቸውን ይዘን ያነሳናቸው እኔና ጉላይም ነን። ያን ዕለት በአንተ እርር ድብን ብዬ ነበር፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

በመጨረሻ ለምኜም ተቆጥቼም ወደ ክሊኒኩ ወሰድኳቸው። የፊዚዮቴራፒ ሐኪሟ ያቁት የምትባል ወጣት ናት። አባባ በእናቷ ሰርግ ጨፍረው ስለነበር ገና ስሟን ሲሰሙ «ያንቺ እናት ሰርግ ላይ ነው ጫማዬ የተቀደደው» ብለው ወሬ ጀመሩ፤ እግራቸውን ለማስዘርጋት ግማሽ ቀን ፈጀባት። ራጅ ተነሱ፤ የተሰበረ ነገር የለም። የጭንና የዳሌ ጡንቻ ሲደክም የጉልበቱ ሎሚ በቦታው መንሸራተቱን ትቶ ይፋተጋል፤ ጡንቻውን ማጠንከር ነው መድኃኒቱ አለች። አልጋው ላይ ወጥታ ራሷ አሳየቻቸው። በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት አጥፎ ሌላውን እግር ሳያጥፉ ቀስ ብሎ ማንሳት። በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ማንሳት። የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበት ሥር አድርጎ ጭንን ጥብቅ ማድረግ። ሲሻል ደግሞ ዝቅ ያለች መወጣጫ ላይ በዝግታ መውጣትና መውረድ። «አባባ፣ ትንሽ ቢሰማዎት አይፍሩ፤ በማግስቱ ካበጠ ግን አበዙት ማለት ነው። ቁጢጥ ማለትና መንበርከክ ለጊዜው ይቅር። ሶላቱንም ወንበር ላይ ይስገዱ» አለቻቸው። እኔ በልቤ አመሰገንኳት፤ አባባ ግን ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነበር።

ቤት እንደደረስን መምረጥ ጀመሩ። ገበያ ላይ ሐብሐብ ሲገዙ ታውቃቸዋለህ፤ መቶውን መትተው አንዱን ይወስዳሉ። የሐኪሟንም ትእዛዝ እንደዚያው አማረጡት። የጀርባው? «እሱ የሬሳ አተኛኘት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ እተኛዋለሁ።» የጎኑ? «ይሄ አራስ ሴት ልጇን ስታጠባ ነው፤ ሰው ቢያየኝስ?» ፎጣው? «ፎጣ ፊት ለመጥረግ ነው።» ከሁሉ የወደዱት መወጣጫዋን ብቻ ነው፤ እሷም ዝቅ አለችብኝ ብለው የበረቱን ትልቅ ድንጋይ አመጡ። «አባባ፣ ሐኪሟ እኮ ይህን ለኋላ ነው ያለችው» ስላቸው «የሚያም ነገር ነው መድኃኒት፤ የማያመውማ ጨዋታ ነው» አሉኝ። ወንድሜ፣ እንደ ያን ሰሞን ተቃጥዬ አላውቅም። ሥራዬን ትቼ ፍራሽ አጠገብ ተቀምጬ «ቀስ፣ ቀስ» እላለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ጣሪያ እያዩ «የከበሮ ምታት የሌለው ነገር ለሰውነቴ አይገባውም» ይላሉ።

ከዚያ ኦላበርጋንን ከነከበሮው ጠሩት። እውነቴን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ኦላበርጋን በጣቱ ቀስ እያደረገ ሲጀምር አባባ በገዛ ፈቃዳቸው በጀርባቸው ተኙ። እግራቸው ከምታቱ ጋር ወደ ላይ ወጣ፤ ከምታቱ ጋር ወረደ። ያቁት ካሳየችው የበለጠ ያምር ነበር። ጉላይም ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ተመስገን፣ ዳኑ እኮ» አለችኝ። እኔ ሞኟም አመንኩ። ላዝጊ ግን አመሉን ታውቃለህ፤ በጣት ተጀምሮ በመላ አካል ነው የሚያልቀው፤ እየፈጠነ እየፈጠነ ይሄዳል እንጂ እዚያው ዝግታው ላይ አይቀመጥም። የኦላበርጋን እጅ ሞቀ። የአባባም እግር አብሮ ሞቀ። «አቁሙ!» ብዬ ጮህኩ፤ ማን ሰምቶኝ? ከፍራሹ ተነሱ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ኦላበርጋን የመጨረሻውን ሲመታ በዚያው በታመመ ጉልበታቸው ዱብ አሉ። በማግስቱ ጉልበታቸው አብጦ ሱሪያቸው አልገባ አለ።

ያቁት ጋ ተመለስን። ልጅቷ ትዕግሥተኛ ናት፤ ምታቱን አልከለከለችም። «ጋሽ ኦላበርጋን፣ እባክዎ የመጀመሪያውን ዝግታ ብቻ ደጋግመው ይምቱላቸው፤ ሲፈጥን ያቁሙ» አለችው። አብሮን ሄዶ ስለነበር እዚያው ተቀየመ። «ልጄ፣ እኔ ላዝጊን መሃል ላይ አቁሜ አላውቅም። ሩዙ ጥሬ እያለ ድስቱን አውርድ ትይኛለሽ?» ብሎ ከበሮውን ታቅፎ ወጣ። አባባም «እውነቱን ነው፤ ጥሬ ነገር አልወድም» ብለው ተከተሉት። ከዚያ ወዲያ ኦላበርጋን ሰላም ሲለኝ አንገቴን ብቻ ነው የምነቀንቅለት። ይህንን ወረቀት ለአማቹ ስሰጥም እሱን አላስፈቀድኩም።

እብጠቱ ሲጎድል አባባ ጭምት ሆኑ። በጀርባ ይተኙ ሲባሉ ይተኛሉ፣ በጎን ሲባሉ በጎን። ተመስገን፣ ገባቸው ብዬ ልቤ አረፈ። ለካስ እኔ ገበያ ስወጣ ጠብቀው በረት ይገባሉ። ባለፈው ሐሙስ ቦርሳዬን ረስቼ ብመለስ የላሟን ምሰሶ ጨብጠው ቁጢጥ ይላሉ፣ ይነሳሉ፤ ቁጢጥ ይላሉ፣ ይነሳሉ። ከንፈራቸውን ነክሰዋል፤ ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል። ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ጮህኩባቸው። አባቴ ላይ ጮህኩ ሻናዛር፤ «ሽባ ሆነው ሊቀሩ ነው? ለአንድ ቀን ጭፈራ? ኋላ ማን አግዞኝ ነው ተሸክሜዎት የምኖረው?» አልኳቸው። ጎረቤት ሰምቶ ይሆናል፤ ግድ አልሰጠኝም።

ምሰሶውን አልለቀቁም። ጥቂት ተንፍሰው ሲያበቁ፣ «ቢካጃን፣ አትጩሂብኝ። ወንድምሽ ለሐብሐቡ ወቅት እመጣለሁ አለ፤ ቀረ። ለእናታችሁ የሙት ዓመት እመጣለሁ አለ፤ ቀረ። ጣሪያውን አብረን እናድሳለን አለ፤ ኡሚድ ብቻውን አደሰው። አሁን ግን እርስዎ ሲጨፍሩ አያለሁ ነው ያለኝ። ይሄ ጉልበት እምቢ ካለኝ ልጄን በምን እጠራዋለሁ?» አሉኝ።

አንጀቴን በሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋቸውና ጉልበታቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረግሁላቸው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ሌላ ፊልም አትላክ። እንቅስቃሴው ተመርጧል፤ ያቁት የመረጠችው ይበቃል። እያጣደፉ ካላበላሹት ደረጃ ሳይሠቃዩ ይወርዳሉ ብላለች። ጉልበታቸው ለጥጡ ማብቂያ ለጭፈራ ይደርሳል ወይ ስላት ራሷን ነቀነቀች፤ አይደርስም። የቀረው ያንተ ሥራ ነው። ደውልና በራስህ አንደበት «አባባ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢያጨበጭቡም እመጣለሁ» በላቸው። ይህን የምትለው የምትመጣ ከሆነ ነው። የማትመጣ ከሆነ ደግሞ ቁርጡን ንገራቸው። ያለቅሱ ይሆናል፤ እኔ አለሁላቸው። ቢያንስ ጉልበታቸውን ላንተ ማቃጠሉን ትተው ለራሳቸው ያስታምሙታል። በመሃል ቤት አንጠልጥለህ አታስቀራቸው፤ ከአሸዋውም ከድንጋዩም የጎዳቸው እሱ ነው።

ጉላይም እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች፤ የክረምት ካልሲ ሠርታ አብራ ልካለች፤ አንዱ ከሌላው ቢረዝም እንዳትስቅባት። ኡሚድ ሰላም ይልሃል፤ እጮኛውም ገና ያላየችውን አማቷን በአክብሮት ሰላም በሉልኝ ብላለች። ያቁትም ላንተ ሰላምታ አላት፤ የወገብህን ነገር ብነግራት ከባድ ዕቃ ስታነሳ ተጠንቀቅ ብላሃለች። አብረውህ ለሚኖሩት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ፤ በተለይ ሩዝ ለሚቀቅልልህ ልጅ። የአባባን ሰላምታ ግን አልጻፍኩም። እሱን መጥተህ ከእጃቸው ተቀበል።

የምትናፍቅህ እህትህ
ቢካጃን

ኾንቃ፣ ኾሬዝም
ኦገስት 18 ቀን 2019