የወይዘሮ ታቢታ ባራሶ የሕይወት ታሪክ፣ ያላጠፉትን ሥዕል ጨምሮ

ወ/ሮ ታቢታ ባራሶ ከአባታቸው ከአቶ ባራሶ ሐሜሶ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉዬ ዳንጊሶ በ1958 ዓ.ም. ሀዋሳ አጠገብ በምትገኘው ቡሹሎ ተወለዱ። አባታቸው በርና መስኮት የሚሠሩ አናጺ፣ እናታቸው ጓሮ የሚያለሙ፣ በሠፈሩ ሽምግልና ሳይጠሩ የሚገኙ ሴት ነበሩ። ወ/ሮ ታቢታ የቤቱ ሁለተኛ ልጅ ናቸው። ይህን ታሪክ የጻፍኩት የመጨረሻዋ ልጅ፣ ታናሽ እህታቸው ሐዳሳ ነኝ። እንደ ወጉ ቢሆን የሚያነቡት የእድራችን ጸሐፊ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ደግ ሰው ስለሆኑ መሃሉን ይዘሉታል ብዬ ስለሰጋሁ ራሴው አነበዋለሁ።

ወ/ሮ ታቢታ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቡሹሎ ተከታተሉ። በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያናችን በር አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሳለ፣ በጥፍራቸው ፍቀው ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴውም ሥር ሰማያዊ መኖሩን ለሽማግሌዎች በማሳየታቸው ተገርፈዋል። እናታችን ይህን ሲያወሩ «ያቺ ልጅ ከላይ የሚታየውን አታምንም» ይሉ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቀድሞዋ አዋሳ ከጨረሱ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ሥነ ጥበብ ተማሩ፤ በ1980 ዓ.ም. ተመረቁ።

ለጥቂት ዓመታት ሥዕል ካስተማሩ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን አገር ተልከው የተጎዱ ሥዕሎችን የመመርመርና የመጠገን ሙያ ለሁለት ዓመት አጠኑ። አብረዋቸው ከሄዱት መካከል የተመለሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሻንጣቸው ሲከፈት ጫማና ሽቶ ሲጠብቅ የነበረው ዘመድ ጥጥ፣ ማጉያ መነጽርና የሐኪም የሚመስሉ ትንንሽ ቢላዋዎች አይቶ ክፉኛ አዘነ። እኔም ካዘኑት አንዷ ነኝ።

በ1989 ዓ.ም. የባዮሎጂ መምህር ከነበሩት ከአቶ ደረሰ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ሶሊያናን እና አልአዛርን ወልደዋል። አቶ ደረሰ ሚስታቸው በሥራ ሲዋጡ ልጆቹን አብልተው፣ አስጠንተው የሚያስተኙ፣ ይህንንም ለማንም የማያወሩ ባል ነበሩ። እንዲህ ያለ ባል ብርቅ በሆነበት ሠፈር ሰው ሲያማቸው «የሷ ሥራ ካለፈ አይመለስም፤ የኔ እንቅልፍ ይመለሳል» ይሉ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ወ/ሮ ታቢታ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ጥበቃ ባለሙያዎችን አሰባስበው በሀዋሳ የጥናት ማኅበር መሠረቱ፤ ለአሥራ ሦስት ዓመትም በሊቀ መንበርነት መሩት። ማኅበሩ የተወለደው በእሳቸው በረንዳ ላይ ነው። ወንበር ስለማይበቃ ግማሹ አባል ደረጃው ላይ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነበር፦ ሌላ አገር፣ ደረቅ አየር ላይ የተፈተነ ቫርኒሽ እኛ ሐይቅ አጠገብ ምን ይሆናል? መልሱን ለማግኘት ቀለምና ቫርኒሽ የተቀቡ ትንንሽ ሰሌዳዎችን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አድርገው ሰቀሉ። የትኛው ቢጫ እንደሆነ፣ የትኛው እንደተሰነጠቀ፣ የትኛውን ሻጋታ እንደያዘው በየዓመቱ አባላቱን ሰብስበው ያዩ ነበር። ጎረቤት ልብስ የተሰጣ እየመሰለው ዝናብ ሲመጣ ይጠራቸው ነበር። ማኅበሩ በየዓመቱ የሚያወጣው የጥናት መጽሔት፣ ዛሬ በየስብሰባው የሚጠቀሰው ሁሉ፣ ከእነዚያ ሰሌዳዎች የተገኘ ነው።

በማኅበሩ ያስያዙት ሌላ ልማድ ደግሞ አለ። አንድ ሥዕል ሲጸዳ ከታችኛው ጥግ የክብሪት ቀፎ የምታክል ቦታ ሳትነካ ትቀራለች። ስሟን «ምስክር» ይሏታል። ሥዕሉ ከመጽዳቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበረ ነገ የሚመጣው ባለሙያ በዓይኑ እንዲያይ፣ የተሳሳትነውም እንዲታወቅብን ነው። ወ/ሮ ታቢታ ምስክር ሳይተዉ ያጸዱት ሥዕል የለም። ይህን የማያውቅ የማኅበሩ አባል እዚህ ድንኳን ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ወጣት ወደ ማኅበሩ መጡ፤ የዛሬው ዶ/ር ፋሲል። የአባታቸውን ስም ያልጻፍኩት አባታቸው ምንም ስላላጠፉ ነው። ወ/ሮ ታቢታ ጥጥ አያያዝ ያስተማሯቸው፣ ከጣሊያን ያመጡትን ማጉያ መነጽር የሰጧቸው፣ ለዶክትሬት ትምህርት የመሰከሩላቸው፣ ሲመለሱም የማኅበሩ ጸሐፊ እንዲሆኑ ያቀረቧቸው ናቸው። ቤታችን መጥተው ሳይበሉ የሄዱበት ቀን አላስታውስም። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. አንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል እድሳቱን ሲያጠናቅቅ በእንግዳ መቀበያው የተሰቀለው ትልቅ ሥዕል ለመክፈቻው በዓል እንዲጸዳለት ማኅበሩን ጠየቀ። ሥዕሉ የሟቹ የሰዓሊ ደሳለኝ ሥራ ሲሆን ዓሣ አጥማጆች ገና ጎህ ሲቀድ ጀልባ ሲገፉ ያሳያል። ጠቅላላው ገጽ ግራጫ ነገር ለብሷል። ወ/ሮ ታቢታ አንድ ሙሉ ቀን ከፊቱ ተቀምጠው ከመረመሩ በኋላ ግራጫው የሲጋራ ጢስና አቧራ ላይሆን እንደሚችል፣ ሰዓሊው ራሱ የማለዳውን ጉም ለማሳየት በመጨረሻ የቀባው ስስ ቀለም ሊሆን እንደሚችል ለማኅበሩ አስረዱ። የሰዓሊው ባለቤት ወ/ሮ ጸሐይወርቅ እስኪጠየቁና ከቀለሙ ናሙና ተወስዶ እስኪታይ ማንም ጥጥ እንዳያስነካው አዘዙ። ሆቴሉ ግን ቸኩሎ ነበር፤ ዶ/ር ፋሲልም ከሆቴሉ በላይ ቸኩለው ነበር፤ መክፈቻው ላይ ትልልቅ እንግዶች ይመጡ ነበርና።

በዚያው ወር አቶ ደረሰ በጠና ታመው ወ/ሮ ታቢታ ለሕክምና አዲስ አበባ ይዘዋቸው ሄዱ። ባላቸውን ሲያስታምሙ በቆዩበት ጊዜ ዶ/ር ፋሲል ሥዕሉን አጸዱት። ከዳር እስከ ዳር አጸዱት። ጥጉንም አልተዉትም፤ ምስክር አልቀረም። ጉሙ በጥጥ ተጠርጎ ቅርጫት ገባ። እህቴ ተመልሰው ሲያዩት አጥማጆቹ እንደ ካላንደር ሥዕል ያበራሉ፤ ማለዳው ቀትር ሆኗል። እህቴ ከሆቴሉ ወጡ። ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋ ላይ ተኙ።

በመክፈቻው ቀን ወ/ሮ ጸሐይወርቅ ተጋብዘው መጡ። ሁሉም ሲያጨበጭብ እሳቸው ሥዕሉ ፊት ቆመው ቆዩና «የኔ ባል ሥዕል የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ነገሩ በዚህ ወጣ። በሌላ ሙያ ስህተት ይታረማል፤ ይህ ግን አይታረምም። ወ/ሮ ጸሐይወርቅ ቤታችን ድረስ መጥተው «አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ጉሙን መልሰሽ ቀቢልኝ» ብለው ሲለምኗቸው እህቴ እያለቀሱ እምቢ አሉ። እሳቸው ቢቀቡት ጉሙ የታቢታ እንጂ የደሳለኝ አይሆንም።

ሆቴሉ ጥፋተኛ ፈለገ፤ ማኅበሩም አንድ አዘጋጀለት። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በተጠራው ጠቅላላ ጉባኤ ዶ/ር ፋሲል ተነሥተው ሥዕሉ የጸዳው በሊቀ መንበሯ መመሪያ ነው አሉ። መመሪያው መቼና የት እንደተሰጠ የጠየቀ የለም። ወ/ሮ ታቢታ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ «ሂዱና ምስክሩን ፈልጉ። ካለ የኔ ሥራ ነው፤ ከሌለ አይደለም።» ሆቴሉ ከአዳራሹ በእግር የሚደረስ ነው። ማንም አልሄደም። መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ እንደሌለ ሁሉም ያውቅ ነበር። አንዱን ወደ ውጭ ስብሰባ የሚልኩት ዶ/ር ፋሲል ነበሩ፤ የሌላዋን የማስተርስ ጽሑፍ የሚያርሙት እሳቸው ነበሩ፤ የቀረው ደግሞ የሚበረታውን አይቶ የሚቆም ነው። ሊቀ መንበሯ ይነሡ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ከጥቂቶች በቀር እጁን ያላወጣ አልነበረም። ወ/ሮ ታቢታ ከሊቀ መንበርነት ተነሡ፤ በቀጣዩ መጽሔት ላይ ስማቸው የተገኘው «ተገቢ ያልሆነ ጽዳት» ከሚለው ርዕስ ሥር ብቻ ነበር። ዶ/ር ፋሲል ሊቀ መንበር ሆኑ። እስከ ዛሬም ናቸው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል።

አቶ ደረሰ በ2012 ዓ.ም. አረፉ። አሟሟታቸው የሕመም ቢሆንም የመጨረሻ ጭንቀታቸው የሚስታቸው ስም ነበር። «እኔ ባልታመም ኖሮ» እያሉ አረፉ። ይህንንም በማኅበሩ ላይ አስመዝግቤዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ወ/ሮ ታቢታ በበረንዳቸው ላይ ሥራቸውን ቀጠሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በባጃጅ ተጭነው እየመጡ ይማሩ ነበር፤ ሰሚራ ከእነሱ አንዷ ናት። ስለ ጉባኤው ሲጠይቋቸው ወደ ሰሌዳዎቹ ይመልሷቸዋል። ዝምታቸው ለብዙ ሰው ተመቸ፤ ዝም ያለ ጥፋተኛ ነው ማለት ይቀላልና። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የተወጋው ቢተወው እንኳ እህት አለች።

በ2016 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጠናባቸው። በሀዋሳና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። በሕመማቸው ወቅት ዶ/ር ፋሲል አንድ ጊዜ ጠይቀዋቸዋል፤ ብርቱካንና ፎቶ አንሺ ይዘው። እህቴ ለመቀመጥ አቅም ሳይኖራቸው በትራስ ተደግፈው ፎቶ ተነሡ። በማግስቱ «ከመሥራች እናታችን ጋር» የሚል ጽሑፍ ተጨምሮበት በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ወጣ። ብርቱካኑን ለጎረቤት ሰጠሁት።

ወ/ሮ ታቢታ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን ይዘው፣ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ድንኳኑ ገና ሳይተከል ከማኅበሩ ሁለት ጥያቄ ደረሰን። አንደኛው፣ ዶ/ር ፋሲል በቀብሩ ላይ ንግግር እንዲያደርጉ። ሁለተኛው፣ ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር ለተጀመረው ጥናት ስለሚያስፈልጉ ሰሌዳዎቹ እንዲሰጡ። ለመጀመሪያው መልሱ ይህ የሕይወት ታሪክ ነው። ሰሌዳዎቹ ደግሞ እህቴ በሕይወት ሳሉ ለሰሚራና ለጓደኞቿ የሰጧቸው ናቸው፤ ዛሬ ማለዳ በአይሱዙ ተጭነው ሄደዋል። ማኅበሩ ጥናቱን በምን እንደሚሠራ አላውቅም። አዲስ ሰሌዳ ይስቀልና ሃያ ዓመት ይጠብቅ።

መጋቢ ዳዊት ትናንት ይህን ጽሑፍ አይተው «ሐዳሳ፣ ቀብር ነው እኮ፤ ለይቅርታ ቦታ ተይ» ብለውኛል። ስለማከብራቸው ቦታ ትቻለሁ። ከትናንት ጀምሮ ክፍት ነው፤ የመጣ የለም። የመጣው የአበባ ጉንጉን ነው፤ ሪባኑም «ለማኅበራችን ባለውለታ» ይላል። ጉንጉኑ ወደ መቃብር አይሄድም። ቤተሰቡ ወደ ሆቴሉ ልኮታል፤ ከሰዓሊ ደሳለኝ ሥዕል ሥር እንዲቀመጥ ለእንግዳ ተቀባዩ ተሰጥቷል። ማኅበሩ የገደለው እዚያ ነው፤ አበባውም እዚያ ይገባል። ለእህቴ ማኅበሩ ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ነበር፤ በመጽሔቱ ላይ ስማቸውን ማጥራት። ስድስት ዓመት ነበረው። የማኅበሩ አባላት አስከሬኑን እንዳትሸከሙ፣ አፈርም እንዳታለብሱ ቤተሰቡ ይጠይቃል። ተሸካሚ አለን፤ ተማሪዎቻቸው መጥተዋል።

ወ/ሮ ታቢታ ባራሶ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የአንድ የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ሶሊያና እና አልአዛር፣ እኔ እህታቸው፣ ሁለት ወንድሞቻቸው፣ ወ/ሮ ጸሐይወርቅ እና የቅዳሜ ተማሪዎቻቸው በሐዘን ላይ ነን። ላስታመማችሁ፣ ለተመላለሳችሁ፣ ድንኳን ለተከላችሁ፣ ላለቀሳችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ጌታ የእህታችንን ነፍስ በእረፍቱ ተቀብሏል ብለን እናምናለን። ልጆቻቸውን ያጽናና፤ ወ/ሮ ጸሐይወርቅን ያጽናና፤ ተማሪዎቻቸውን ያጽናና። ለማኅበሩ መጽናናት አልለመንም።