ዲዳ የሆነው አንባቢ

ነሐሴ 6
ዝናብ። ከምሳ በፊት ሦስት ፕሮግራም ጠቅልዬ ጨረስኩ። ሌላ ሰው የጻፈውን ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር ጠቅሎ መላክ... እንጀራዬ ይኸው ነው። የመጨረሻው የቫሱ ማሽ ነበር፤ «ማሽ» በእኛ አገር መምህር ማለት ነው፣ የድሮ አስተማሪዬ ናቸው። ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራማቸው። ከጻፉት ኮድ በሁለት ደቂቃ ተገነባ፣ አንድ ቅሬታ የለም። እንዲህ ያለ ጨዋ!

ነሐሴ 9
ሐሲና ደወለች። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ተማሪዎቿ የኦናም በዓል ሰሞን ፈተናቸውን የሚሰሙት በዚሁ ፕሮግራም ነው።
«ሺጂ፣ ፕሮግራምሽ ጆይስቲክ ካልመጣ አልጫንም አለኝ።»
«ምን?»
«የጌም መጫወቻ! ልጆቼ ያለባቸው ፈተና ነው፣ የመኪና እሽቅድምድም አይደለም።»
ገባኝ። አፈርኩ። ቸኩዬ በራሴ ላፕቶፕ ነበር የገነባሁት። ላፕቶፔ ላይ ደግሞ... እሺ፣ ጌም እጫወታለሁ። የማሽ ፕሮግራም ሲገነባ ኮምፒውተሩን እንደ ቤት ዞሮ ያያል፣ ያገኘውን ያነሳል፣ ከዚያ በኋላ «ያለሱ አልኖርም» ይላል። ማን አዘዘው?

ነሐሴ 10
እንደ ደንቡ፣ ትርፍ ነገር በሌለበት ባዶ ኮምፒውተር ላይ እንደገና ገነባሁ። ጆይስቲኩ ጠፋ። ላክሁ። ጀግና ነኝ።

ነሐሴ 11
ጀግና አይደለሁም። «ተጫነ» አለች ሐሲና። «ግን ዲዳ ነው።»
ባዶው ኮምፒውተር ላይ የድምፅ ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚዋሰው አጋዥ ኮድ፣ የለም። ፕሮግራሙ ፈለገ፣ አጣ፣ ዝም ብሎ ያለ ድምፅ ተገነባ። አንባቢ፣ ያለ ድምፅ! ለእኔም ትንፍሽ አላለም። ፈተናው ነሐሴ 18 ነው። አርባ አንድ ልጆች።

ነሐሴ 12
ድምፁን ጨምሬ ላክሁ። ተናገረ። በእንግሊዝኛ ብቻ። የልጆቹ ቋንቋ የማላያላም ድምፅ ለካ ሌላ ላይብረሪ ነው፤ እሱንም አጥቶ ዝም። ሌላስ ምን አጥቶ ይሆን? የተጻፈ ዝርዝር የለም። ያለው በማሽ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ነሐሴ 13
ማሽ ቤት ሄድኩ።
«ማሽ፣ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ይንገረኝ። ሲያጣም ይጩህ።»
«ለምን ይጮሃል ልጄ? ሰው እንዳይጨነቅ ብዬ ነው። ያለውን ያያል፣ ባለው ይብቃቃል።»
«ለአንድ ቤት ጥሩ ነው። እኔ የምልከው ለስንት ትምህርት ቤት ነው!»
«እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል።»
«እንግዲያው ኮምፒውተርዎን ለአርባ አንዱም ልጅ ይላኩላቸው!»
በአስተማሪዬ ላይ ጮህኩ... ሚስታቸው ሳሮጂኒ፣ «ቼቺ» (ታላቅ እህት) የምላት፣ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ምን ነካኝ?

ነሐሴ 15
ይቅርታ ልጠይቅ ተመልሼ ሄድኩ። ስደርስ ቤቱ በጩኸት ተሞልቷል። ቼቺ ለኦናም የሙዝ ጥብስ ልትሠራ ባሏን ገበያ ልካቸው ነበር። ይዘው የመጡት አናናስ።
«ሙዙስ?»
«አለቀ። ባለው ተብቃቂ።»
«ያለ ሙዝ የሙዝ ጥብስ? ካጣህ አትደውልም? ዝም ብለህ ትመጣለህ? ደሞ አናናሱን ማን አዘዘህ?»
«ሳየው... አማረኝ።»
ማሽ አናናሱን አዩ። ከዚያ እኔን። እኔ ጣሪያውን። ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።
«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ። ኮምፒውተሩን ከፈቱ።
አሥራ አንድ ነገር ነው ለካ የሚፈልገው! ሁለቱን ራሳቸውም ረስተዋቸዋል። አሁን «ይሄ ግዴታ ነው» ካልኩት፣ ሲያጣ እምቢ ይላል። «ያንን አልፈልግም» ካልኩት፣ ቢያየውም አይነካም። «ምንም ላላዘዘው ሰው ግን እንደ ድሮው ባለው ይብቃቃለት፣ ይቺን አልተውም» አሉ። ይሁን። አናናሱን ተካፍለን በላን።

ነሐሴ 16
ባዶው ኮምፒውተር ላይ አስጀመርኩት። ወዲያው ቆመ። «የማላያላም ድምፅ የለም። አልገነባም።»
እንዲህ ደስ የሚል እምቢታ ሰምቼ አላውቅም። ያጣውን ሰጠሁት። ላክሁ።

ነሐሴ 18
ጠዋት ሐሲና ደወለች።
«ፈተናው ሊጀመር ነው። ድምፁን እየሞከርን ነው፣ ስሚ።» ስልኩን ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጠችው።
ፕሮግራሙ ጥርት ባለ ማላያላም ማንበብ ጀመረ። ከጥቅሉ ጋር የላክሁትን ማስታወሻ! «ያለፉት ሦስት ጥቅሎች የተበላሹት በአዘጋጇ በሺጂ ችኮላ ነው። ይቅርታ ትጠይቃለች።»
ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።
«ቲቸር፣ አልሰማሁም» አለች አንዷ። «ይድገመው!»
ደገመው።