የፊልሞን ኮርሳ

ማክሰኞ
ገዛሁት! ኮርሳ፣ የውድድር ሳይክል አለኝ። እሁድ ጠዋት በገርጂ የሚያልፉትን ሳይክለኞች ከበረንዳዬ ሳይ ስቀና የኖርኩት ሴትዮ! አዲሱ በእኔ ደመወዝ አይታሰብም። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሽ ኪዳኔ ናቸው የሸጡልኝ። «ቆሞ አቧራ ከሚጠጣ አንቺ ንጂው፤ እንደቻልሽ ትከፍያለሽ» አሉኝ። ያረፈው ልጃቸው ፊልሞን ይወዳደርበት ነበር።

ረቡዕ
ሄልሜት ከሥራ ባልደረባዬ ተዋስኩ። ሰፊ ነው፤ ከሥሩ ሻሽ አስሬ ልክ አደረግኩት። ጎማውን ጎሚስታው በነፃ ነፋልኝ። የሳይክል ሱሪ? ይቅር፣ ታይት አለኝ።
ግቢ ውስጥ ስሞክር ቀጭኑ ጎማ ኮብልስቶኑ ላይ ተንሸራተተና ወደቅኩ። ክርኔ ተላጠ። ግን ተነስቼ እንደገና ዞርኩ።

ሐሙስ
ከሥራ ስመለስ የጋሽ ኪዳኔ ባለቤት እትዬ ለታይ ደረጃው ሥር ቆመው የሳይክሉን መሪ ይዘዋል። ለካ ጋሽ ኪዳኔ አልነገሯቸውም!
«ይሄ የልጄ ነው። ማን ሰጠሽ?»
«ጋሽ ኪዳኔ» አልኳቸው። መሪውን ለቀው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ወደ ቤታቸው ወጡ። እራት አልበላ አለኝ። ነገ እመልሰዋለሁ።

ዓርብ
ተሸክሜው ወጣሁ። እትዬ ለታይ ከፈቱ። «አላወቁም ነበር፤ ይውሰዱት» አልኳቸው። መቀመጫውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።
ጋሽ ኪዳኔ ከውስጥ ሆነው «በየቀኑ ማየቱ አቃተኝ፣ ለታይ። እኔም አባት ነኝ» አሉ።
እትዬ ለታይ ግን ክርኔን አይተው «ወድቀሽ ነው?» አሉኝ። «ፍሬኑን ሳታሠሪ እንዳትወጪ።» በሩን ዘጉት። ሳይክሉና እኔ ውጭ ቀረን። ፈቀዱ ማለት ነው?

እሁድ
ትናንት ፍሬኑን አሠራሁ። ዛሬ መኪና ሳይበዛ ወጣሁ። አንዱ ሚኒባስ ጆሮዬ ሥር ጥሩምባ ሲነፋ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ዳገቱ ላይ ከሳይክሉ ወርጄ ገፋሁት። ቢሆንም አያት ደረስኩ!
ስመለስ እትዬ ለታይ ላይ በረንዳቸው ላይ ናቸው። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ጠሩኝ።
«የት ደረስሽ?»
«አያት፣ እትዬ።»
«አያት! ፊልሞን እኮ መጀመሪያ የወጣ ቀን መገናኛ ላይ ደክሞት፣ በሚኒባስ ጣሪያ አስጭኖት ነው የመጣው» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ጋሽ ኪዳኔ ከኋላ መጥተው ትከሻቸውን ያዙ፤ እሳቸውም አልገፏቸውም።
ሳይክሉን ደረጃው ሥር ሳቆመው፣ እትዬ ለታይ ፊታቸውን ጠርገው «ነይ ወደ ላይ ውጪ፤ ርቦሽ ይሆናል» አሉኝ።